የድሮ ስማርት ቴርሞስታት በአዲስ ቤት፦ ከጋዝ ፈርነስ ወደ ሂት ፓምፕ

ቤቱ ሞቋል። ልጆቹ በካልሲ ይሯሯጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ኔስት፣ የጉግል ስማርት ቴርሞስታት፣ ብርቱካናማ ሆኖ 70 ዲግሪ ፋራናይት ያሳያል፤ እኔም በገዛ እጄ ስለገጠምኩት ደረቴን ነፍቻለሁ። ከአንድ ወር በኋላ የመብራት ቢሉ ሲመጣ ኩራቴ እንደ ጉም በነነ። ቴርሞስታቱን ከሜሪላንዱ ታውንሃውሳችን ነቅዬ ወደ ቨርጂኒያው ቤት ሳመጣው፣ አንዲት ብርቱካናማ ሽቦ ትርፍ መስላኝ ጫፏን ጠቅልዬ ግድግዳው ውስጥ ትቻት ነበር። አሮጌው ቤት እንዲህ ያለ ሽቦ አልነበረውማ! በዚያች ሽቦ ምክንያት ሂት ፓምፑ (ሙቀትን ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባው ማሽን) ወሩን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ቆመ፤ ቤቱን ያሞቀው እንደ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራው መጠባበቂያው ነበር።

የዚህ ስህተት ክፋቱ ምንም ነገር የተበላሸ አለመምሰሉ ነው። ቤቱ ይሞቃል፣ ስክሪኑ ያበራል፣ አፑ ይታዘዛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው «እንዴት ይሠራል» ብቻ ሳይሆን «በትክክል መሥራቱን በምን አውቃለሁ» ለሚለውም ነው። የምናገረው በአሜሪካ ስላለው የቤት ማሞቂያ ነው። ለንደን ያላችሁ፣ ለዚያ ገበያ የተሠራው ኔስት ቦይለሩን (ለራዲያተር ውሃ የሚያሞቀውን ማሽን) የሚያዝዝ የራሱ ሣጥን አለው፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የሄደው አይተካውም።

ፊደሎቹ ምን ማለት ናቸው?

ስማርት ይባል እንጂ ቴርሞስታት በመሠረቱ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ከማሞቂያው ማሽን ውስጥ ካለ ትንሽ ትራንስፎርመር 24 ቮልት ይመጣለታል፤ እሱም ያንን ኃይል እንደ ፍላጎቱ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ሽቦ ይለቀዋል። እያንዳንዱ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ የእንግሊዝኛ ፊደል አለው። እኔ በድምፃቸው እጽፋቸዋለሁ።

• አር፦ 24 ቮልቱ የሚመጣበት። አንዳንድ ቤት ለማሞቂያው አር-ኤች፣ ለማቀዝቀዣው አር-ሲ ተብሎ ሁለት ይሆናል።
• ሲ፦ መመለሻው። ስማርት ቴርሞስታት ለስክሪኑና ለዋይፋዩ ኃይል ሳይቋረጥ የሚያገኘው በዚህ ነው።
• ጂ፦ በቤቱ ውስጥ አየር የሚነፋው ፋን።
• ዋይ፦ የውጭው ማሽን ኮምፕረሰር።
• ደብልዩ፦ ሙቀት። ችግሩ ያለው እዚህ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።
• ኦ/ቢ፦ ሂት ፓምፕ ላይ ብቻ ያለ። ማሽኑ ሙቀቱን ወደ ቤት እንዲያስገባ ወይም ከቤት እንዲያወጣ አቅጣጫውን የሚቀይረው ቫልቭ።

ጋዝ ፈርነስ (አየርን በእሳት አሙቆ የሚነፋ ማሽን) ባለበት ቤት ደብልዩ እሳቱን ያስነሣል፤ ዋይ የበጋውን ኤሲ ያስነሣል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ሂት ፓምፕ ግን አንድ ኮምፕረሰር ለሁለቱም ወቅት ነው። በበጋም በክረምትም የሚጠራው ዋይ ነው፤ «አሁን ሙቅ፣ አሁን ቀዝቃዛ» የሚለውን የሚወስነው ኦ/ቢ ነው። ደብልዩ ደግሞ ብርዱ ሲጠና ለእርዳታ የሚጠራው የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ይሆናል። (ክረምት ስል የፈረንጁን ማለቴ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን አይደለም።) አሁን የእኔ ስህተት ይገባችኋል። ኦ/ቢዋን ትቼ ዋይን፣ ደብልዩን፣ ጂን፣ ሲን ስሰካ ቴርሞስታቱ «ገባኝ፣ ይህ ፈርነስ ነው» አለ። ሙቀት በተፈለገ ቁጥር ደብልዩን ጠራ፤ መጠባበቂያው ነደደ።

መጀመሪያ፦ አዲሱ ቤት በምን ይሞቃል?

ካቻቪቴ ከማንሣታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። የድሮው ቴርሞስታት ከናካቴው የማይሆንባቸው ቤቶች አሉ።

ግድግዳው ሥር በርዝመት የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ቤዝቦርድ ሂተር ካለና ነባሩን ቴርሞስታት ስትከፍቱ ወፋፍራም ሽቦዎች ካያችሁ፣ ወይም መለያው 120 ወይም 240 ቮልት የሚል ከሆነ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ያ የቤት መብራት ኃይል ነው። የ24 ቮልት ቴርሞስታት እዚያ ላይ ከተገናኘ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ፣ ሰውም ሊገድል ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ለብቻው የተሠራ ቴርሞስታት አለ፤ የያዛችሁትን ለሌላ ሰው ስጡት።

ኤሌክትሪክ የማይገባለት የድሮ የጋዝ ግድግዳ ሂተር ወይም የጋዝ እሳት ምድጃ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሚያመነጨው ከአንድ ቮልት በታች ስለሆነ ስማርት ቴርሞስታቱን አያበራውም። ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ በሪሞት የሚታዘዝ ሚኒ ስፕሊት ከሆነም ለዚህ የሚሆን የቴርሞስታት ሽቦ በአብዛኛው የለውም።

አዳዲሶቹ ባለ ኢንቨርተር ሂት ፓምፖች ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ከቴርሞስታታቸው ጋር በማብራትና በማጥፋት ሳይሆን በዳታ ነው የሚነጋገሩት። ነባሩን ቴርሞስታት ስትከፍቱ ከላይ የዘረዘርኳቸው ፊደሎች ሳይሆኑ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ወይም ቁጥሮች ብቻ ካያችሁ አትንኩት። አንዳንዱ በ24 ቮልትም እንዲሠራ ተደርጎ ሊቀየር ይችላል፤ ግን ፍጥነቱን እንደ ብርዱ የማስተካከል ችሎታው ይቀንሳል። ውድ ማሽን ገዝቶ ጥሩውን ነገር ማጥፋት ይሆናል።

የቀረው ጋዝ ወይም ዘይት ፈርነስ፣ ቦይለር፣ ወይም ተራ ሂት ፓምፕ ነው። ሂት ፓምፕ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ፦ በብርድ ቀን ሙቀቱን ከፍ አድርጉና ወደ ውጭ ውጡ። የውጭው ማሽን እየዞረ ከሆነ ሂት ፓምፕ ነው። ነባሩ ቴርሞስታት ላይ «ኦክስ» ወይም «ኤመርጀንሲ ሂት» የሚል ካለም ያው ነው፤ ሁለቱም የመጠባበቂያው ስም ናቸው።

ከአንድ ፈርነስ ወደ ሌላ ፈርነስ ከሆነ ዕዳው ገብስ ነው፤ ሽቦውን በፊደሉ ማዛመድ ብቻ ነው። ቦይለርን ወደ መጨረሻ አነሣዋለሁ።

ያረጀው ምን ያህል ነው?

«የድሮ» ስንል ዕድሜው ልዩነት ያመጣል። የመጀመሪያው ኔስት በፈረንጆቹ 2011፣ ሁለተኛው በ2012፣ ሦስተኛው በ2015 ነው የወጡት። ጉግል ኩባንያውን በ2014 በ3.2 ቢሊዮን ዶላር ከገዛው በኋላ የቆዩትን ለዓመታት ሲደግፍ ኖሮ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2025 ግን የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ ከአፑ አስወጣቸው። አልሞቱም፤ በእጅ እያዞሩ ማዘዝና የሰዓት መርሐ ግብር መሙላት ይቻላል። ከስልክ ግን አይታዘዙም።

ይህ ለእኛ ጉዳይ ከሚመስለው በላይ ያሳስባል። ኔስት የውጭውን ሙቀት የሚያውቀው በራሱ ሳይሆን በኢንተርኔት ከአየር ትንበያ ነው። ሂት ፓምፕ ላይ ደግሞ «ውጭው ይህን ያህል ካልቀዘቀዘ መጠባበቂያውን አትንካ» የሚለው ውሳኔ በዚያ መረጃ ላይ ይመሠረታል። ስለዚህ የእኔ ምክር፦ 2011 ወይም 2012 የወጣውን ለጋዝ ፈርነስ ወይም ለቦይለር ተጠቀሙበት፣ ለሂት ፓምፕ ግን አታምጡት። ከ2015 ወዲህ ያለው፣ እንዲሁም ኢኮቢ3 (የሌላ ኩባንያ ስማርት ቴርሞስታት) እና ከእሱ በኋላ የመጡት ጥሩ ናቸው።

ዋይፋዩንም አስቡ። ሁለተኛው ኔስትና ኢኮቢ3 የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። አዲሱ ቤት ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲያሰራጭ ተደርጎ ከሆነ ስሙ እንኳ አይታያቸውም።

ከአሮጌው ቤት ሲነቀል

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። ዕቃ እየተጫነ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ቴርሞስታቱን መንጭቆ ካርቶን ውስጥ መወርወር። እባካችሁ አሥር ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ አፑ ውስጥ ገብታችሁ ዕቃውን ከአካውንታችሁ አስወጡት፤ ከዚያ በራሱ ማውጫ ውስጥ «ሪሴት» ብላችሁ ሁሉንም አጥፉ። ማጥፋቱ ለምስጢር ብቻ አይደለም። የድሮው ቤት በስንት ደቂቃ እንደሚሞቅ፣ እናንተ ስንት ሰዓት ሙቀት እንደምትጨምሩ አጥንቶ ይዟል። ያ ትምህርት ለአዲሱ ቤት መርዝ ነው።

ከጓደኛ ወይም ከኢንተርኔት ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሰውየው ከአካውንቱ ማስወጣቱን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ። በቀድሞው ባለቤት ስም የቀረ ኔስት አካውንታችሁ ውስጥ አይገባም።

ግድግዳው ላይ የሚቀረውን መሠረቱንም ንቀሉት፤ ሽቦ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። ኢኮቢ ከሆነና ፈርነሱ ውስጥ ትንሽ ነጭ ማስፋፊያ ሣጥን ገጥማችሁ ከነበረ እሷንም አስታውሱ፤ ስትነቅሉ ግን ሽቦዎቹን ወደ ነበሩበት መልሱ። ተከራይ ከነበራችሁ የአከራዩን ቴርሞስታት መልሳችሁ መግጠም አለባችሁ። ባዶ ግድግዳ ጥሎ መሄድ ከዲፖዚት ያስቆርጣል።

ኃይል ማጥፋት

ሂት ፓምፕ ሁለት ብሬከር አለው፤ አንዱ ለውጭው ማሽን፣ ሌላው ፋኑና መጠባበቂያው ላሉበት ለውስጡ ማሽን። 24 ቮልቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከውስጡ ነው። እኔ የውጭውን ብቻ አጥፍቼ «ጠፍቷል» ብዬ ገባሁ። አርና ሲ እጄ ላይ ተነካኩ፤ ጢስ የለም፣ ድምፅ የለም፣ ግን ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አልነሣ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የመጣው ባለሙያ የውስጡን ማሽን ከፍቶ ቦርዱ ላይ የነበረችውን ሐምራዊ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ነቀለ፣ ሌላ ሰካ፣ ጨረሰ። ፊውዟ የመኪና ፊውዝ ናት፤ ዋጋዋ ከቡና ያንሳል። የመምጫው ክፍያ ግን አያንስም። ከዚያ ወዲህ መሣቢያዬ ውስጥ ባለ 3ና ባለ 5 አምፔር ፊውዞች አይጠፉም። እናንተም ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ፤ ከፍ ያለ አትሰኩ።

ስለዚህ ሁለቱንም ብሬከር አጥፉ። ከዚያ ቴስተራችሁን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አርንና ሲን ለኩ። ኃይል ሲኖር ከ24 እስከ 28 አካባቢ ያሳያል፤ አሁን ዜሮ ማለት አለበት።

ሽቦዎቹን ማንበብ

ነባሩን ቴርሞስታት ሽፋን አንሡና ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሡ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ተጠቅልለው የተተዉ ሽቦዎች ካሉ እነሱን። ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ የፊደሉን ወረቀት ለጥፉ።

በቀለም አትመኑ። ቀይ ለአር፣ ነጭ ለደብልዩ፣ ቢጫ ለዋይ፣ አረንጓዴ ለጂ፣ ሰማያዊ ለሲ፣ ብርቱካናማ ለኦ የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ከ20 ዓመት በፊት የገጠመው ሰው እጁ ላይ የቀረውን ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል። እውነቱ ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው። የውስጡን ማሽን በር ክፈቱና ቦርዱ ላይ የትኛው ቀለም የትኛው ፊደል ላይ እንደታሰረ ተመልከቱ፤ ያንንም ፎቶ አንሡ።

አሁን ወደ ራሳችሁ ቴርሞስታት። አር ወደ አር፣ ሲ ወደ ሲ፣ ጂ ወደ ጂ፣ ዋይ ወደ ዋይ1፣ ኦ ወይም ቢ የሚለው ወደ ኦ/ቢ። አንድ አር ብቻ ካለ ኢኮቢ ላይ አር-ሲ ውስጥ ይገባል። የመጠባበቂያው ሽቦ ነባሩ ላይ «ኦክስ»፣ «ደብልዩ2» ወይም «ደብልዩ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ኔስት ላይ ቦታው «ደብልዩ2/ኦክስ» የሚለው ነው። ኢኮቢ ላይ ግን ሂት ፓምፕ ሲሆን መጠባበቂያው ደብልዩ1 ውስጥ ነው የሚገባው። የሁለቱ ኩባንያዎች አጠራር ስለሚለያይ የአንዱን ቪዲዮ እያዩ የሌላውን መግጠም መከራ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የቆዩ ትሬን ማሽኖች ላይ ቢ የሚለው ፊደል የቫልቭ ሳይሆን የመመለሻው፣ ማለትም የሲ ሥራ ነው። ቢም ኦም ለየብቻ ተሰክተው ካያችሁ ቢን ወደ ኦ/ቢ አትውሰዱ፤ መጀመሪያ ቦርዱን ተመልከቱ። ሁለተኛው ኤል የሚል ሽቦ ነው። የድሮ ቴርሞስታት ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት የሚያበራ ነው፤ አዲሱ አይፈልገውም። ጫፉን በፕላስተር ሸፍናችሁ ተዉት።

የእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ያህል የተላጠና ቀጥ ያለ ይሁን። የተጣመመ ጫፍ የገባ ይመስላል እንጂ አይነካም። ሰክታችሁ ስታበቁ በቀስታ ጎተት አድርጉ፤ ከወጣ አልገባም ነበር።

የሲ ሽቦ ከሌለስ?

ሂት ፓምፕ ያለበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሲ አለው፤ የቆየ የፈርነስና የቦይለር ቤት ግን ላይኖረው ይችላል። ኔስት ያለ ሲ ሊሠራ ይሞክራል፤ ከሌሎቹ ሽቦዎች ትንሽ ትንሽ ኃይል እየሰረቀ ባትሪውን ይሞላል። እንዲህ ሲሰርቅ አንዳንዱ ማሽን ግራ ይገባዋል፤ ውስጡ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ፋኑ ሳይጠራ ይነሣል። አልመክረውም።

መጀመሪያ ግድግዳው ውስጥ የተጠቀለለ ትርፍ ሽቦ ፈልጉ። ካለ፣ በሌላኛው ጫፍ ቦርዱ ላይ ሲ ውስጥ ታስራላችሁ፣ በዚህኛው ቴርሞስታቱ ላይ። ነፃ ነው፣ ዘላቂ ነው። ትርፍ ሽቦ ከሌለ ሶኬት ላይ የሚሰካ የ24 ቮልት ትራንስፎርመር ይሸጣል። ፈርነስ ላይ የኢኮቢ ማስፋፊያ ሣጥንም ይሠራል። ኬብሉ አጭርና ቤዝመንቱ ክፍት ከሆነ ግን አዲስ ባለ ስምንት ሽቦ ባለ 18 ጌጅ ኬብል ማሳለፍ ከሁሉም ይሻላል፤ ነገ ሌላ ማሽን ቢመጣ ሽቦ አያጥራችሁም።

ኔስት ኃይል በቂ መሆኑን ራሱ ይነግራችኋል። በማውጫው የቴክኒክ መረጃ ውስጥ ገብታችሁ ባትሪውን ተመልከቱ፤ 3.8 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ወደ 3.6 ሲወርድ ዋይፋዩን መጣል ይጀምራል። ለወራት መሣቢያ ውስጥ የከረመ ከሆነ ፊቱን ከመሠረቱ ነቅላችሁ ከኋላው ባለው የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ በቅድሚያ ሙሉት። «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው ብዙው የራበው ነው።

ማስተዋወቅና መፈተሽ

መሠረቱን ግድግዳው ላይ ስታስሩ ከኋላው ያለውን ቀዳዳ በጥጥ ወይም በፎም ድፈኑት። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ቴርሞስታቱን ያታልለዋል። ብሬከሮቹን መልሱ፤ ሲነሣ የቤታችሁን ማሽን ይጠይቃችኋል። ሂት ፓምፕ፣ የመጠባበቂያው ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ ከዚያም «ኦ ነው ወይስ ቢ?»

አብዛኛው ማሽን ኦ ነው፤ ቫልቩ ኃይል የሚያገኘው ሲያቀዘቅዝ ነው። ሪምና ሩድ የተባሉት ኩባንያዎች ማሽኖች ግን በልማድ ቢ ናቸው፤ ኃይሉ በማሞቅ ጊዜ ነው። ብትሳሳቱ የሚፈነዳ ነገር የለም፤ ሙቀት ስትሉት ይበርዳል፣ ብርድ ስትሉት ይሞቃል።

አሁን ፍተሻው። ይህን ባደርግ ኖሮ ያን ቢል አልከፍልም ነበር።

ሙቀቱን ከክፍሉ በሁለት ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጉ። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት መጠባበቂያውም አብሮ ይነሣና ፍተሻው ይበላሻል። ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ እስከ አምስት ደቂቃ ሊያዘገይ ይችላል፤ ታገሡ። ከዚያ ውጡና እዩ፦ የውጭው ማሽን መዞር አለበት። እሱ ቆሞ ቤቱ እየሞቀ ከሆነ የእኔ ስህተት እናንተም ጋ ገብቷል። ተመለሱና እጃችሁን አየር መውጫው ላይ አድርጉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላም ቀዝቃዛ ከሆነ ኦን ወደ ቢ ቀይሩት።

ቀጥሎ መጠባበቂያውን ለብቻው ጥሩት፤ ኔስትም ኢኮቢም በማውጫቸው ውስጥ ለፈተና የሚያስነሡበት ቦታ አላቸው። የሚወጣው አየር በግልጽ ይበልጥ መሞቅ አለበት። ውጭው በጣም ካልበረደ ማቀዝቀዣውንም ለጥቂት ደቂቃ አስነሡት፤ በበጋ የመጀመሪያ ሙቀት ቀን ከምታውቁት አሁን ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጣችሁ። ጋዝ ፈርነስ የሚነፋው አየር ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ነው፤ የሂት ፓምፕ ደግሞ ከ90 እስከ 100 አካባቢ። ከሰውነታችን ሙቀት እምብዛም ስለማይበልጥ እጅ ላይ «ለብ ያለ» ነው የሚመስለው። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሶፋው ላይ ጋቢዋን እንደተከናነበች «ይሄ ነገር ብርድ ነው እንዴ የሚነፋው?» እያለች ክረምቱን ጨረሰች። ክፍሉ 71 ነበር። በብርድ ጠዋት የውጭው ማሽን ቆም ብሎ እንደ ድስት ቢንተከተክና እንፋሎት ቢያወጣም ለእሳት አደጋ አትደውሉ፤ በረዶውን እያቀለጠ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል።

ልማድን መቀየር

ሽቦው ትክክል ሆኖ ቢሉ አሁንም ከበዛ ጥፋቱ የልማድ ነው። በጋዝ ቤት ማታ 62 አድርገን ተኝተን ጠዋት 70 ማድረግ ገንዘብ ይቆጥብልን ነበር። በሂት ፓምፕ ቤት ያንኑ ብታደርጉ ቴርሞስታቱ ጠዋት የስምንት ዲግሪ ጉድለት ያያል፤ «ብቻዬን አልደርስበትም» ብሎ መጠባበቂያውን ይጠራል። ማታ የቆጠባችሁት ጠዋት ይበላል።

በቁጥር እንየው። ባለ 10 ኪሎዋት መጠባበቂያ አንድ ሰዓት ቢነድ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሂት ፓምፕ በለዘብተኛ ብርድ ከሚበላው ሦስት እጥፍ ሙቀት ማስገባት ስለሚችል ያንኑ ሙቀት በ3.3 አካባቢ ይሰጣል። ኪሎዋት ሰዓቱ 15 ሳንቲም ቢሆን አንዱ አንድ ዶላር ከሃምሳ፣ ሌላው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ይህ በየጠዋቱ።

ስለዚህ የማታውን ልዩነት ከሁለት እስከ ሦስት ዲግሪ አታሳልፉት። ቴርሞስታቱ ራሱ እንዲማር ከመተው መርሐ ግብሩን በእጃችሁ ሙሉት። ከዚያ የመጠባበቂያውን ገደብ አስቀምጡ። ኢኮቢ ላይ በገጠማ ማስተካከያው ውስጥ ገደቦች የሚል አለ፤ መጠባበቂያው እንዳይነሣ የሚከለከልበትን የውጭ ሙቀት በዲግሪ ትሞላላችሁ። እኔ ለዋሽንግተን አካባቢ ብርድ 35 አድርጌው ቤቱ አልጎደለበትም፤ ሚኒሶታ ብሆን ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር። ኔስት ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ የሂት ፓምፕ ሚዛን ብሎ ከምቾት እስከ ቁጠባ ምርጫ ይሰጣል፤ ቁጠባው ላይ አድርጉትና ለአንድ ሳምንት እዩት። ሁለቱም መጠባበቂያው በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዘግባሉ። ውጭው 45 ዲግሪ ሆኖ መጠባበቂያው ለሰዓታት የሠራበት ቀን ካያችሁ ወይ ገደቡ አልተያዘም ወይ ሂት ፓምፑ ውስጥ የሚዘዋወረው የማቀዝቀዣ ጋዝ ጎድሏል፤ ሁለተኛው ከሆነ የባለሙያ ነው።

ወደ ቦይለር ከሆነ የገባችሁት

ራዲያተር ያለው የድሮ ቤት በአብዛኛው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ አርና ደብልዩ። ገጠማው የአምስት ደቂቃ ነው፤ ችግሩ ሲ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካውን ትራንስፎርመር ከተጠቀማችሁ የእሱን ሁለት ሽቦ ወደ አር-ሲና ሲ፣ የቦይለሩን ሁለት ወደ አር-ኤችና ደብልዩ1 አስገቡ፤ ሁለቱ ኃይሎች አይቀላቀሉ። ራዲያተር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቀጥላል፤ ፈርነስ የለመደ ቴርሞስታት ያንን ስለማያውቅ ቤቱን ከልክ በላይ ያሞቀዋል። ኔስት ለዚህ «ትሩ ራዲያንት» የሚል ማስተካከያ አለው፤ አብሩት።

የምጣዱ ነገር

የእኛ ቤቶች አንድ የተለየ ችግር አላቸው። ብዙ ታውንሃውስ ላይ ቴርሞስታቱ ኩሽናውን ከመመገቢያው በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ያ ግድግዳ 76 ይሆናል፤ ቴርሞስታቱ «ቤቱ ሞቋል» ብሎ ይተኛል፤ ላይኛው ፎቅ ልጆቹ ብርድ ልብስ ለብሰው ይወርዳሉ። ምጣዱ ሲጠፋ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ጉድለት ተከምሮ መጠባበቂያው ይነሣል። ኢኮቢ ካላችሁ የክፍል ሴንሰሩን ፎቅ ላይ አድርጉና የመጋገሪያ ሰዓቱን በዚያ እንዲመራ አድርጉት። ሴንሰር የሌለው ኔስት ከሆነና ግድግዳውን መቀየር ካልቻላችሁ ምጣዱን ወደ ቤዝመንት ማውረድ ይቀላል። እኛ አውርደነዋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ የትኛው ቀለም የትኛው ፊደል እንደሆነ፣ ማሽኑ ኦ ይሁን ቢ፣ የፊውዙን ቁጥርና የገጠማችሁበትን ቀን ጽፋችሁ የውስጡ ማሽን በር ከውስጥ በኩል ለጥፉት። ያወረዳችሁት ነባር ቴርሞስታት የድሮ ክብ ከሆነና ውስጡ የብር ቀለም ያላት ፈሳሽ በመስታወት ውስጥ ካለች ሜርኩሪ ናት፤ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ካውንቲያችሁ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ውሰዱት። ሌላ ከሆነ ግን በከረጢት አድርጋችሁ እዚያው ማሽኑ አጠገብ አስቀምጡት፤ ስትለቁ መልሳችሁ የምትገጥሙት እሱን ነው።